የአንዲት ራውተር ታሪክና የነፃ ሶፍትዌር ጉዳይ



አዲስ መሣሪያ ለገበያ በቀረበ ቁጥር አስቀድሞ የሚነገረው ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ መልኩና ስለ ዋጋው ነው። መሐንዲስም ሰው ነውና በዚህ መማረኩ አያስነቅፈውም፤ እንዲያውም አዲስ ዕቃ አይቶ ልቡ የማይነሣሣ መሐንዲስ ይህን ሙያ ለምን እንደ መረጠ ያጠያይቃል። ይሁን እንጂ መሣሪያው ተገዝቶ አምስት ዓመት ካለፈው በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም «ይህን ዕቃ ማን ሊያስተካክለው ይችላል?» የሚል ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ በዕቃው ብረትና ፕላስቲክ ላይ ብቻ አይገኝም። በውስጡ በተቀበረው ፕሮግራምና ፕሮግራሙ በተሰጠበት የፈቃድ ውል ላይም ይገኛል። ይህንን ከብዙ መሣሪያዎች ይልቅ አጥርታ ያሳየች አንዲት ሰማያዊና ጥቁር ሣጥን አለች። የዛሬው ንግግር ስለ እርሷ ነው። የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሣጥኗ ሊንክሲስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2002 መጨረሻ ለገበያ ያቀረባት ደብልዩ አር ቲ 54 ጂ የተባለች ራውተር ናት። በቤትና በአነስተኛ መሥሪያ ቤት የሚገኙ ኮምፒዩተሮችን በሬዲዮ ሞገድ ከኢንተርኔት መስመር ጋር ታገናኛለች። ከበስተኋላዋ ሁለት አንቴናዎች፣ አራት የኬብል መሰኪያዎችና አንድ የውጭ መስመር መግቢያ አሏት። በስሟ ውስጥ ያለው 54 በሴኮንድ 54 ሜጋቢት ታስተላልፋለች ለማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሣጥኖች ውስጥ የነበረው ፕሮሰሰር 125 ሜጋኸርትዝ፣ የሥራ ሜሞሪው 16 ሜጋባይት፣ ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ቋሚ ሜሞሪ ደግሞ 4 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ በዚያ ቦታ ውስጥ በጭንቅ ይገባል። ስለዚህ ሣጥኗ በአካሏ የተለየች አልነበረችም።

የተለየች ያደረጋት በ2003 አጋማሽ የታወቀው ነገር ነው። የኩባንያውን የማሻሻያ ፋይል የመረመሩ ሰዎች በውስጡ ሊኑክስን አገኙ። ሊኑክስ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው ሲሆን፣ ከ1992 ጀምሮ የሚሰጠው ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ካስታወቀው የግኑ ሥራ በተወለደው ጠቅላላ የሕዝብ ፈቃድ ነው። የዚህ ፈቃድ ቃል አጭርና ጥብቅ ነው። ማንም ሰው ፕሮግራሙን ለፈለገው ዓላማ ሊሠራበት፣ ሊመረምረው፣ ሊለውጠውና ሊያድለው ይችላል። ነገር ግን ለሌላ የሚያስተላልፈው ሁሉ እርሱ የተቀበለውን መብት ሳይቀንስ፣ ፕሮግራመሩ የጻፈውንም ምንጭ ጽሑፍ ሳይደብቅ ማስተላለፍ አለበት። ኩባንያው ሣጥኖቹን ሲሸጥ ምንጭ ጽሑፉን አልሰጠም ነበር።

ነፃ ሶፍትዌር ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ያለ ዋጋ የሚታደል ነገር ነው። አማርኛ ግን ለዚህ ልዩነት አንዲት ፊደል አዘጋጅቷል፤ «በነፃ» የተሰጠና «ነፃ» የሆነ አንድ አይደሉም። በነፃ የተሰጠውን ዕቃ የተቀበለ ሰው ነገም የሰጪውን ፊት እያየ ሊኖር ይችላል። ነፃ የሆነውን ዕቃ ግን በገንዘቡም ገዝቶት ቢሆን፣ ከገዛው በኋላ ማንንም ሳያስፈቅድ ይከፍተዋል። ሣጥኗን የገዙት ሰዎች ዋጋዋን ከፍለዋል፤ የጎደላቸው የመክፈቻው መብት ነበር።

ሲስኮ በዚያው በ2003 ሊንክሲስን 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሚያወጣ አክሲዮን ገዝቶት ስለ ነበር፣ ጥያቄውም ወደ እርሱ ዞረ። ነገሩ ለገዢው ኩባንያም ቀላል አልነበረም፤ ቺፑ የብሮድኮም ነበርና ፕሮግራሙም በአቅራቢዎች ሰንሰለት በኩል የመጣ ነበር። በመጨረሻ ምንጭ ጽሑፉ ለሕዝብ ወጣ። በጃንዋሪ 2004 በዚህ ጽሑፍ ላይ ተመሥርቶ ኦፕን ደብልዩ አር ቲ የተባለው ሥራ ተጀመረ፤ ከጊዜ በኋላም የኩባንያውን ጽሑፍ ትቶ በራሱ መሠረት ላይ ቆመ። ሠሪዎቹ በ2016 ተጣልተው ለሁለት ቢከፈሉም በ2018 ተመልሰው አንድ ሆነዋል። ምንጭ ጽሑፉ የሁሉም ስለ ነበር፣ በጠቡ ጊዜ ተጠቃሚው ሜዳ ላይ አልቀረም።

ከዚህ በኋላ በዚያች ርካሽ ሣጥን የተሠራው ሥራ የሚያስገርም ነው። በከፍተኛ ዋጋ በሚሸጡ የድርጅት መሣሪያዎች ላይ ብቻ ይገኝ የነበረው፣ የመረጃ ዓይነቶችን በቅደም ተከተል ማሳለፍ፣ ሁለት ቢሮዎችን በምስጢራዊ መስመር ማገናኘት፣ የአንዱን ሣጥን ሞገድ ሌላው ተቀብሎ እንዲያራዝም ማድረግ፣ ሁሉም በእርሷ ላይ ተቻለ። በበርሊን ፍራይፉንክ የተባለው የነዋሪዎች ማኅበር ይህችኑ ራውተር በጣሪያና በመስኮት ላይ እያቆመ፣ ቤቶችን ያለ ኬብል እርስ በርስ የሚያያይዝ መረብ ዘረጋ። በዚህ መረብ ውስጥ ማዕከል የለም። እያንዳንዷ ሣጥን መኖሯን በየጊዜው ታስታውቃለች፤ ጎረቤቶቿም ማስታወቂያውን ተቀብለው ለቀጣዩ ያሳልፋሉ። በ2006 በዚሁ ማኅበር ዘንድ የተጀመረው ባትማን የተባለ ዘዴ ደግሞ ማንኛዋም ሣጥን መንገዱን በሙሉ እንድታውቅ አይጠይቅም። መረጃው ወደ አንድ ቦታ እንዲደርስ ከጎረቤቶቿ ማንኛዋ እንደምትሻል ካወቀች ይበቃታል። የማያውቀው ቀበሌ የገባ እንግዳ የሚፈልገውን ቤት የሚያገኘው በዚሁ ዓይነት ነው፤ አንዱ «እስከዚያ ዋርካ ሂድ፣ እዚያ ጠይቅ» ይለዋል፣ በዋርካው ሥር ያለው ደግሞ ቀጣዩን ይነግረዋል። ይህ በተራ ሣጥኖች ላይ የተፈተነ ዘዴ በ2011 በሊኑክስ ዋና ፕሮግራም ውስጥ ገባ። ሣጥኗን የሠራው ኩባንያ ይህን ሁሉ አላሰበውም፤ ሊያስበውም አይጠበቅበትም ነበር።

ሆኖም በ2005 የወጣችው አምስተኛዋ እትም ሊኑክስ ወጥቶላት በሌላ ዝግ ፕሮግራም ተተካች፤ የሥራ ሜሞሪዋም ወደ 8፣ ቋሚ ሜሞሪዋም ወደ 2 ሜጋባይት ተቀነሰ። ለአምራቹ በእያንዳንዷ ሣጥን የሚተርፈው ሳንቲም በብዛት ሲባዛ ትልቅ ገንዘብ ነውና ሒሳቡ የሚገባ ነው። ነገር ግን ኩባንያው በዚያው ዓመት የቀድሞዋን ሣጥን በስሟ መጨረሻ ላይ ሊኑክስን የምታመለክት ኤል የተባለችዋን ፊደል ጨምሮ በተጨማሪ ዋጋ መሸጥ ጀመረ። እርሷም አዳዲስና ፈጣን ራውተሮች እየወጡ ከአሥር ዓመት በላይ በገበያ ላይ ቆየች። ያረጀ መሣሪያን ተወዶ የሚገዛ ሰው ምን እንደሚገዛ ያውቃል። በዲሴምበር 2008 የነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሲስኮን በፈቃዱ መጣስ ከሰሰ፤ በሜይ 2009 ኩባንያው ለሊንክሲስ የነፃ ሶፍትዌር ኀላፊ ለመሾምና ለፋውንዴሽኑ የገንዘብ መዋጮ ለማድረግ ተስማምቶ ጉዳዩ በዕርቅ አለቀ።

በሌላ ወገን ያለውን ሥጋትም በቀላሉ ማየት አይገባም። ራውተር የሬዲዮ ማሠራጫ ነው፤ ፕሮግራሙ በተለወጠ ጊዜ ከተፈቀደለት ኀይልና ሞገድ ሊወጣ ይችላል። በአሜሪካ በ5 ጊጋኸርትዝ አካባቢ የሚሠሩ መሣሪያዎች በአውሮፕላን ማረፊያዎች ያሉትን የአየር ጠባይ ራዳሮች አውከው ነበር። የሀገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ስለዚህ ደንቡን ሲያጠብቅ፣ አንዳንድ አምራቾች ሬዲዮውን ብቻ መቆለፍ ሲበቃቸው ሣጥኑን በሙሉ ቆለፉት። በ2016 ግን ያው ኮሚሽን ቲፒ ሊንክ የተባለውን ኩባንያ የኀይል ገደብ በመጣሱ 200,000 ዶላር ሲያስከፍለው፣ የሌሎች ሰዎች ፕሮግራም በራውተሮቹ ላይ የሚጫንበትን መንገድ እንዲመረምር አስማማው። ሞገዱን መጠበቅና ባለቤቱን ከዕቃው ማገድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መሐንዲስ ለሕግ ባለሙያው ማስረዳት የሚኖርበት በዚህ ዓይነቱ ጊዜ ነው።

የመቆለፉ ጉዳት የሚታየው አምራቹ ድጋፉን ባቆመ ማግሥት ነው። በሜይ 2025 የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ ድጋፋቸው ያበቃ የቆዩ ራውተሮች በወንጀለኞች ተይዘው የሌላ ሰው ማንነት መደበቂያ ሆነው እንደሚከራዩ አስጠነቀቀ፤ ከዘረዘራቸውም መካከል በርከት ያሉት የሊንክሲስ ሥሪቶች ነበሩ። ቢሮው የሰጠው ምክር በዋናው አዲስ ዕቃ መግዛት ነው። የውጭ ምንዛሪ ጠብቆ ዕቃ ለሚያስመጣ መሥሪያ ቤት ይህ ምክር ከባድ ነው። በእርግጥ ነፃ ፕሮግራምም ተአምር አይሠራም፤ 4 ሜጋባይት ያላት አሮጌዋ ሣጥን ዛሬ አዲሱን ኦፕን ደብልዩ አር ቲ መሸከም አትችልም። ልዩነቱ ግን ጡረታዋን የወሰነው የሜሞሪዋ ማነስ እንጂ የአምራቹ የሽያጭ ዕቅድ አለመሆኑ ነው።

በኖቬምበር 2024 ደግሞ ኦፕን ደብልዩ አር ቲ ዋን የተባለው ራውተር ወጣ፤ ይህን ያቀዱት ራሳቸው የፕሮግራሙ ሠሪዎች ናቸው። ከነሣጥኑ 89 ዶላር ሲሸጥ፣ ከእያንዳንዱ 10 ዶላር ለሥራው መደገፊያ እንዲውል ተደረገ። የሥራ ሜሞሪው 1 ጊጋባይት ሲሆን ይህ ከመጀመሪያዋ ሣጥን 64 እጥፍ ነው። ከሁሉ ይልቅ የጥገና ባለሙያን ልብ የሚስበው ግን አንዲት ትንሽ ማብሪያ ናት። መሣሪያው ሁለት ቋሚ ሜሞሪዎች አሉት፤ በአንደኛው ላይ የተጫነው ፕሮግራም ቢበላሽ ማብሪያዋን ወደ ሁለተኛው በማዞር የተቀመጠውን የማዳኛ ፕሮግራም ማስነሣት ይቻላል። ስለዚህ ተማሪ ሲሞክር ቢያበላሸው ሙት ዕቃ ሆኖ አይቀርም።

የጨረታ ዝርዝር መግለጫ የሚጽፉ አባላት የፍጥነትና የሜሞሪ መጠን ከሚሞላበት ሠንጠረዥ ሥር ሦስት መስመር መጨመር ይችላሉ፦ የፕሮግራሙ ምንጭ ጽሑፍ ከዕቃው ጋር ይቅረብ፤ ባለቤቱ የለወጠውን ፕሮግራም መልሶ የሚጭንበት መንገድ ይገለጽ፤ የጥገና ማሻሻያ እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት እንደሚሰጥ በጽሑፍ ይረጋገጥ። ለሦስቱም አዎን የሚል አቅራቢ ሁልጊዜ አይገኝም። በአዲሱ ራውተር ላይ እንኳ የሬዲዮው ቺፕ በራሱ ውስጥ የሚያሠራው ፕሮግራም ምንጭ ጽሑፉ ያልተገለጠ ነው፤ ያ ክፍል እስካሁን እንደ ተቆለፈ ይገኛል።