የውሃ ጉድጓድና የአከርካሪ አጥንት
(ዱብቲ ላይ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)

መሐንዲስ ስለ በሽታ ሊናገር ሲነሣ «ያለ ሙያው ገባ» መባሉ አይቀርም። ይሁን እንጂ ዛሬ የማነሣው በሽታ በሐኪም ዘንድ የሚታይ፣ በእኛ ሥራ ግን የሚጀመር ነው። እርሱም በመጠጥ ውሃ ባለ ፍሎራይድ የሚመጣው ፍሎሮሲስ ነው።

በዚሁ በአዋሽ ሸለቆ፣ ከዱብቲ ሽቅብ፣ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ። ሠራተኛው ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ ጠጣ። ውሃው የጠራ ነበር፤ ሆኖም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሟሟ ፍሎራይድ ነበረበት። ፍሎራይድ ቀለምም ሽታም ጣዕምም የለው፤ ውሃውን ቢያፈሉትም አይወጣም።

የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት እ.ኤ.አ. በ1987 ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ በ1990 ደግሞ ለብቻቸው ባወጧቸው ጽሑፎች የበሽታው መዘዝ በጥርስ መበለዝ እንደማያበቃ አስረድተዋል። ፍሎራይድ በአጥንት ውስጥ ይጠራቀማል፤ አጥንቱ ይወፍራል፤ ጅማቱ ወደ አጥንትነት ይለወጣል። የአከርካሪው ቦይ ሲጠብ ኅብለ ሰረሰሩና የነርቮቹ ሥሮች ይጨፈለቃሉ። በሽተኛው ጀርባው ይደርቃል፤ እጁ ይዝላል፤ እግሩም ይከዳዋል። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ፍሎራይዱን አጣርቶ ማስወጣት ስለሚሳነው ጉዳቱ ይብስበታል። የደረቀውን አከርካሪ ወደ ነበረበት የሚመልስ መድኃኒት የለም።

ይህ ለዱብቲ ምን ይነግራታል? የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በቀን 2 ሊትር የሚጠጣ ሰው በዚህ ወሰን 3 ሚሊግራም ይወስዳል። በዱብቲ ሐሩር 6 ሊትር የሚጠጣ የእርሻ ሠራተኛ ግን ከዚያው ውሃ 9 ሚሊግራም ይወስዳል። በቀን ከ6 ሚሊግራም በላይ የሚወስድ ሰው አጥንቱ ለጉዳት እንደሚጋለጥ ድርጅቱ ያስጠነቅቃል። እንግዲህ በወረቀት ደኅና የተባለ ውሃ እዚህ ደኅና ላይሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ በተንዳሆ ምድር ሥር ፍል ውሃ አለ፤ ፍል ውሃም ፍሎራይድን ከድንጋይ አብዝቶ ያሟሟል።

ራሴን ነጻ አላወጣም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በስምጥ ሸለቆ ለምትገኝ አንዲት መንደር ጉድጓድ አስቆፈርሁ። የውሃውን ብዛት ለካሁ፤ ጨዋማነቱን መረመርሁ፤ ፍሎራይዱን ሳልለካ አስረከብሁ። ሕዝቡ መረቀኝ። በኋላ ሳስለካው ከወሰኑ እጅግ በልጦ ተገኘ። ፓምፑን ሳስቆም በምረቃው ቀን የባረኩኝ አዛውንት «ልጄ፣ ጥማችንን አንተው ቆረጥህ፤ አንተው መለስህብን» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ፍሎራይዱ ያልተለካ ጉድጓድ ፓምፕ አይተከልበት፤ በልጦ ከተገኘም ሌላ ምንጭ ይፈለግ፣ ከወንዝ ውሃ ጋር ይደባለቅ፣ ወይም በአጥንት ከሰል ይጣራ። ማጣሪያው ሲደክም የሚለውጠው ሰውና በጀት አስቀድሞ ይታሰብ። ሁለተኛ፣ የየጉድጓዱን ልክ ለሆስፒታሉ እናድርስ፤ ሐኪሙም ጀርባው የደረቀውን በሽተኛ «የየትኛውን ጉድጓድ ውሃ ስንት ዓመት ጠጣህ?» ብሎ ይጠይቅልን፤ መልሱንም ይመዝግብልን። ሁለቱ መዝገቦች ሲገናኙ የአንዱ በሽተኛ ሕመም ለመንደሩ ማስጠንቀቂያ ይሆናል።

ሐኪሙ የሚደርሰው አጥንቱ ከደረቀ በኋላ ነው። ቀድሞ የሚደርሰው ጉድጓዱን የሚቆፍረው ነው።