የጌምን ምስል ከቤት ወደ ዓለም አጥርቶ ስለ መላክ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ አባሎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ላይ እንድንናገር ዕድል በተሰጠን ጊዜ፤ ስለ ምን ጉዳይ እንናገር ብለን ተመካከርን። ከተማሪዎች መካከል ብዙዎቻችን በየዕለቱ የምንነጋገርበት፤ ወላጆቻችን ግን አንዳንድ ጊዜ በሥጋት የሚያዩት አንድ ነገር ስላለ እርሱን መረጥን። ይኸውም በቤት ኮምፒውተር የሚጫወቱትን ጌም በኢንተርኔት አማካይነት በቀጥታ ለተመልካች ማሳየት ነው። ይልቁንም የሚታየው ምስል እንዳይደበዝዝና እንዳይቆራረጥ ምን ማድረግ እንደሚገባ ለመግለጽ እንወዳለን።

ነገሩ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ የበዓሉን ሰዓት ባልወሰድንበት ነበር። ቴሌቪዥን በአገራችን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር፤ ምስልን በአየር ለመላክ ስቱዲዮ፤ ማሠራጫ መሣሪያና የሠለጠኑ ባለሙያዎች ያስፈልጉ ነበር። ዛሬ ግን በገርጂ በአንድ የኮንዶሚኒየም ክፍል የተቀመጠ ተማሪ ምስሉንና ድምፁን ወደ ሌላው ክፍለ ዓለም ሊልክ ይችላል። ዛሬ ጌም የሚያሳይበት ዕውቀት ነገ ትምህርት የሚሰጥበት፤ ስፖርት ወይም ስብሰባ የሚያስተላልፍበት ዕውቀት ነው። ነገር ግን ምስሉ የተበላሸ እንደ ሆነ ተመልካቹ ስለ ተጫዋቹ ችሎታ ሊፈርድ አይችልም፤ ትቶ ይሄዳል። ከጓደኞቻችንም አንዳንዶቹ «ከዚህ አገር የሚላክ ምስል መቼም አይጠራም» እያሉ ተስፋ ቆርጠው ትተውታል። እኛ ግን የጥራቱ ነገር የሚወሰነው በመስመሩ ብርታት ብቻ ሳይሆን፤ ላኪው አቅሙን ለክቶ በማወቁ ጭምር ነው እንላለን።

በመጀመሪያ ምስል ለምን እንደሚደበዝዝ እንመልከት። በስክሪን ላይ የሚታየው ምስል ከጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። ስፋቱ 1920፤ ቁመቱ 1080 ነጥብ የሆነ ምስል በጠቅላላው 2,073,600 ነጥቦች አሉት። ይህ ምስል በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲለዋወጥ በየሴኮንዱ ከ124 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች ይላካሉ ማለት ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ቀለሙን ለመግለጽ 24 ቢት ቢወስድ፤ ድምሩ በሴኮንድ ወደ 3,000 ሜጋቢት ይጠጋል። ይህን ጭነት የሠፈራችን የቤት መስመር ሊሸከመው አይችልም። ስለዚህ ኢንኮደር የሚባለው የኮምፒውተሩ ክፍል ምስሉን ይጨምቀዋል። በሰፊው የሚሠራበት የመጭመቂያ ደንብ ኤች 264 የሚባለው ሲሆን፤ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። አሠራሩም ባጭሩ ሲነገር፤ ካለፈው ምስል ያልተለወጠውን ትቶ የተለወጠውን ብቻ መላክ ነው።

ለምሳሌ በአዲስ አበባ የተቋቋመው ቅኔ ጌምስ ከሠራቸው ጨዋታዎች መካከል ገበጣና ኩኩሉ ይገኛሉ። በገበጣ ጨዋታ ሰሌዳው አይነቃነቅም፤ የሚንቀሳቀሱት ጠጠሮቹ ብቻ ስለ ሆኑ ለኢንኮደሩ ቀላል ነው። በኩኩሉ ግን ዶሮዋ ከገበሬው እየሸሸች ስትሮጥ መንገዱም፤ ዛፉም፤ አጥሩም አብሮ ይሮጣል። እንግዲህ ሁሉ ነገር በየቅጽበቱ ሲለወጥ ኢንኮደሩ የተሰጠው መጠን ስለማይበቃው ምስሉን በትንንሽ አራት ማዕዘኖች እያደፈነ ያልፈዋል። ምስሉ «ጨቀየ» የምንለው ይህን ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው?

አንደኛው መለካት ነው። ብዙዎቻችን ኢንተርኔት ስንገዛ የምንጠይቀው ወደ እኛ የሚመጣውን ፍጥነት ነው። ለላኪ ግን የሚያስፈልገው ከእኛ ወደ ውጭ የሚወጣው፤ አፕሎድ የሚባለው ፍጥነት ነው። በስልክ የመዳብ ሽቦ በሚሠራው ኤዲኤስኤል በተባለው መስመር የሚወጣው ከሚመጣው እጅግ ያንሳል፤ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ትርጓሜም «ያልተመጣጠነ» ማለት ነው። ስለዚህ አፕሎዱን በጧት፤ በቀትርና በማታ፤ ለአያሌ ቀናት ለክቶ በወረቀት መመዝገብና ከሁሉ ዝቅተኛውን ቍጥር መያዝ ይገባል። ከዚያም ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ለስርጭቱ መመደብ ነው። ዝቅተኛው 4 ሜጋቢት ቢሆን ለምስሉ 2,500 ኪሎቢት፤ ለድምፁ 160 ኪሎቢት ይበቃል። የቀረው ለመስመሩ መውጣትና መውረድ፤ እንዲሁም ለቀረው ቤተሰብ ይተዋል።

ሁለተኛው የምስሉን ስፋት በመጠኑ መምረጥ ነው። ለ1920 በ1080 ምስል፤ በሴኮንድ 60 ፍሬም ሲሆን፤ ወደ 6,000 ኪሎቢት ያህል ያስፈልጋል። በ2,500 ኪሎቢት ይህን ልላክ ማለት «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደሚባለው ነው። በ1280 በ720 ስፋት፤ በሴኮንድ 30 ፍሬም ቢላክ ግን የነጥቦቹ ቍጥር ወደ 27.6 ሚሊዮን ይወርዳል። ልዩነቱ አንድን እንጀራ ለዘጠኝ ሰው በማካፈልና ለሁለት ሰው በማካፈል መካከል እንዳለው ልዩነት ነው። እንጀራው ያው ነው፤ የሚደርሰው ቍራሽ ግን ይለያያል። ስለዚህ ትንሹ ምስል ጥርት ብሎ ሲታይ፤ ትልቁ ጨቅይቶ ይታያል።

ሦስተኛው መንገዱን ማስተካከል ነው። ገርጂ በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ሥራ መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ሠፈሮች አንዱ ነው። በእንዲህ ያለው ሕንፃ ግድግዳው ኮንክሪትና ብሎኬት ነው፤ ጎረቤቱም ሁሉ በየቤቱ ዋይፋይ አለው። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ በዚህ ምክንያት ይጨናነቃል። ስለዚህ ራውተሩንና ኮምፒውተሩን በኬብል ማገናኘት ከሁሉ የተሻለ ነው። ኬብል ለመዘርጋት የማይመች ሲሆን ወደ ራውተሩ ቀርቦ በ5 ጊጋኸርዝ መጠቀም ይቻላል።

አራተኛው የመላኪያውን ሶፍትዌር በሚገባ ማሰናዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ኦቢኤስ የተባለው ሶፍትዌር ያለ ዋጋ ይገኛል። በዚህ ላይ ሲቢአር የሚባለውን፤ ማለትም መጠኑ የማይዋዥቀውን አላላክ መምረጥ፤ ሙሉው ምስልም በየ2 ሴኮንዱ አንድ ጊዜ እንዲላክ ማድረግ ይገባል። ኮምፒውተሩ ኢንኮደር ያለበት ግራፊክስ ካርድ ያለው እንደ ሆነ የመጭመቁን ሥራ ለካርዱ መስጠት ዋናውን ፕሮሰሰር ያሳርፈዋል። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ክፍል በካርዶቹ ላይ ያኖራል።

አምስተኛው ሕመሙን ሳያውቁ መድኃኒት አለመስጠት ነው። በኦቢኤስ ላይ ስታትስ የሚባል ሰሌዳ አለ፤ በርሱም ላይ የጠፉ ፍሬሞች በሦስት ተለይተው ይቆጠራሉ። በመስመሩ ምክንያት የወደቁ ፍሬሞች ቢበዙ፤ የሚላከውን መጠን መቀነስ ወይም ኬብሉን መመርመር ነው። ኢንኮደሩ ሳይደርስባቸው የቀሩት ቢበዙ፤ ፕሮሰሰሩ ደክሟልና የአጨማመቁን ደረጃ ማቅለል ነው። ምስሉን በማቀናበር ላይ የቀሩት ቢበዙ ግን ግራፊክስ ካርዱ በጌሙ ተይዟል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የጌሙን ፍሬም በ60 መወሰን ይጠቅማል። ሦስቱንም ሕመም «ኔትወርክ ነው» እያሉ ማለፍ ግን ጊዜንም ገንዘብንም ያባክናል።

ከዚህም ሌላ፤ ፊቱን በካሜራ የሚያሳይ ሰው ብርሃኑ ከፊቱ እንጂ ከጀርባው እንዳይሆን ይጠንቀቅ፤ በጨለማ የተቀረጸ ፊት የሚፈጥረው ጉርፍርፍ ነጥብ ለጌሙ የተመደበውን ቢት ይሻማልና። መብራት ቢጠፋም ስርጭቱ እንዳይቋረጥ ዩፒኤስ የሚገዛ ሰው ራውተሩንም አብሮ ይሰካው፤ ኮምፒውተሩ ብቻውን ቢበራ ምስሉ የትም አይደርስምና። ከማሠራጨቱም በፊት አሥር ደቂቃ ያህል በኮምፒውተሩ ላይ ቀርጾ መመልከት ጉድለትን አስቀድሞ ያሳያል።

አሁን ደግሞ ለወላጆቻችን አንድ ቃል እንናገራለን። ከላይ በጠቀስነው በ2,660 ኪሎቢት የሚደረግ ስርጭት በሰዓት 1.2 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል፤ በ6,160 ኪሎቢት ሲሆን ግን 2.8 ጊጋባይት ገደማ ይደርሳል። በፓኬጅ ለሚጠቀም ቤት ይህ ልዩነት የቤት ወጪ ነው። እንዲሁም አፕሎዱን አንድ ልጅ ጠቅልሎ ሲይዘው፤ እኅቱ በኢንተርኔት የምትከታተለው ትምህርት ይቆራረጣል፤ እናት ውጭ አገር ካለው ዘመድ ጋር በቪዲዮ ስትነጋገር ፊቱ ይደነዝዝባታል። ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፤ ሰዓታችንን ከቤተሰብ ጋር ተመካክረን እንወስን፤ የለካነውንም ወረቀት ለአባትና ለእናት እናሳይ። ወላጆቻችንም «ተው» ከማለታችሁ በፊት ወረቀቱን እንድትመለከቱልን በአክብሮት እንለምናችኋለን። በቍጥር የተደገፈ ስምምነት ከጭቅጭቅ ይሻላል።

ከአገራችን የሚወጣው ምስል ባሕር በር ስለሌለን በጎረቤት አገሮች በኩል አልፎ፤ ከዚያም በባሕር ሥር በተዘረጋ ኬብል ተጕዞ ሩቅ አገር ይደርሳል። ያንን ረጅም መንገድ እኛ ልናሳጥረው አንችልም። በክፍላችን ውስጥ ያለውን መለካት፤ መመጠንና ማስተካከል ግን የእኛ ፋንታ ነው። በሒሳብና በፊዚክስ ክፍል የተማርነው ትምህርት በቤታችን ሥራ ላይ የሚውለው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ለዚህም መምህራኖቻችንን ከልብ እናመሰግናለን።