ያረጀ መልክ ያለው ደማቅ ፊደልና የዋግ ኽምራ ስም



ጠርዙ የተሸረፈ፣ ቀለሙ እዚህም እዚያም የሳሳ፣ ከብዙ ዘመን በፊት የታተመ የሚመስል ደማቅ ፊደል ፈላጊው ብዙ ነው። ለፖስተርና ለመጽሐፍ ሽፋን ግርማ ይሰጣል። የላቲን ፊደል ይህን ጉዳት በአመዛኙ ይሸከመዋል፤ ሆሄው በጠቅላላ አካሉ ስለሚለይ ጥቂት ቢሸረፍም ይነበባል። የግዕዝ ፊደል ግን ልዩነቱን ያኖረው በትንሿ ቅጥያ ላይ ነው። ካዕቡ በጎኑ ሰረዝ፣ ኀምሱ በቀለበቱ፣ «ሸ»ም ከ«ሰ» በራሱ ላይ በተጋደመችው መስመር ይለያል። ሰረዟ ስትጠፋ «ሱሪ» «ሰሪ» ይሆናል፤ መስመሯ ስትጠፋም «ሸማ» «ሰማ» ተብሎ ይነበባል። ፊደሉ በጣም ሲደምቅ ደግሞ ቀለበቱ በቀለም ይደፈናል።

ነገሩ ከቀልድ የሚያልፈው ሰቆጣ ላይ ነው። የዋግ ሹሞች መቀመጫ የነበረችው ይህች ከተማ ዛሬ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። «ኽ» ከ«ክ» የሚለየው በአናቱ ባለችው መስመር ብቻ ነው። ነዳፊው የሰሌዳውን ጽሑፍ ለማስረጀት የፊደሉን አናት በዘፈቀደ ቢፍቀው «ዋግ ክምራ» ይሆናል፤ የሕዝብ ስም የጭድ ወይም የድንጋይ ክምር መሰለ ማለት ነው። የአገው ቋንቋዎች ወገን የሆነው የአካባቢው ልሳን፣ ኽምጣና፣ ስሙን የሚጀምረው በዚህችው ሆሄ ነው። ለአገው ቋንቋዎች ድምፅ የሚያገለግለው የ«ጘ» ረድፍም ከ«ገ» የሚለየው በትንሽ ጭማሪ ነው። ይህ ረድፍ በ1999 እ.ኤ.አ. ከሌላው የግዕዝ ፊደል ጋር በዩኒኮድ መለያ ቁጥር አግኝቷል፤ ቁጥሩ ግን በኮምፒዩተሩ ውስጥ ደኅና ሆኖ ሳለ ከሰሌዳው ፊት የቆመውን አንባቢ አይረዳውም።

እውነተኛው እርጅና በዘፈቀደ አልመጣም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ለብዙ ዓመታት መጽሐፍና ጋዜጣ የታተመው በእርሳስ ፊደል ነበር። እርሳስ፣ ቆርቆሮና አንቲሞኒ ተቀላቅለው የሚሠሩት እነዚህ ፊደላት ከወረቀት ጋር ሲጫኑ ሲጫኑ ማዕዘናቸው ይደፈጠጣል፤ ቀጫጭኑ ክፍል ቀድሞ ይሰበራል። በዚያን ጊዜ ይህ ጉድለት እንጂ ውበት አልነበረም፤ የተጎዳው ፊደል ተለቅሞ ወደ ማቅለጫው ይመለስ ነበር። (ዛሬ ያንኑ ጉድለት በገንዘብ የሚገዛው ሰው ይህን ቢያውቅ አይከፋም።)

ስለዚህ ነዳፊው መሸርሸር ያለበት ወፍራሙን አካል፣ እግሩንና ማዕዘኑን ነው፤ የአናቱ መስመር፣ የጎኑ ሰረዝና ቀለበቱ ግን ሳይነኩ መቅረት አለባቸው። አንድ ሆሄ በአንድ ቃል ሁለት ጊዜ ሲገባ አንድ ዓይነት ጭረት መድገሙ ማስመሰሉን ስለሚያጋልጥ፣ ለእያንዳንዱ ሆሄ ቢያንስ ሁለት መልክ ያስፈልጋል። 33ቱ ሆሄያት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ በሁለት መልክ 462 ናቸው፤ የ«ጘ» ዓይነቶቹ ተጨማሪ ረድፎች ሲገቡ ቁጥሩ ገና ያድጋል። ሁሉንም በእጅ መመርመር አሰልቺ በመሆኑ ብዙዎች ለማሽን ይተዉታል። ማሽኑ «ኽ»ን ከ«ክ» ለይቶ አይራራለትም፤ ሙከራው ከሥራ ጠረጴዛ ወጥቶ ሰቆጣ ገበያ ላይ፣ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ በሚያነብ ሰው ፊት ቢደረግ ይሻላል።