ከቀለም በታች ያለው መልክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬና በዙሪያው ባለው የጎጃም ገጠር ሆናችሁ ይህን ቃል የምታዳምጡ የተወደዳችሁ ምእመናን፤ የእግዚአብሔር ቸርነት፥ የእመቤታችን አማላጅነት ከሁላችሁ ጋራ ይሁን።

የዛሬው ትምህርታችን መነሻ በሉቃስ ወንጌል በ15ኛው ምዕራፍ ስለ ጠፋችው ድሪም የተነገረው ምሳሌ ነው። ሴቲቱ ድሪሟ በጠፋባት ጊዜ መብራት አብርታ፥ ቤቷን ጠርጋ ፈለገቻት። በድሪሟ ላይ የንጉሥ መልክ እንደ ተቀረጸ፥ በሰውም ላይ የፈጣሪው መልክ አለ። ትቢያ ሸፈነው እንጂ አልጠፋም።

ይህን ለማስረዳት ከዘመናችን ነገር አንድ ምሳሌ እናምጣ። ቮልስዋገን የምትባለውን ትንሽ መኪና የማያውቅ የለም። ሥራዋ በ1995 ዓ.ም. እስኪቆም ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። እስከ 1945 ዓ.ም. የተሠሩት የኋላ መስኮታቸው በመካከሉ ባለ የብረት ዘንግ ለሁለት የተከፈለ ነበረ። ከዚያ በኋላ መስኮቱ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆነ፤ ከ1949 ዓ.ም. በኋላም ሰፋ። ይህን ጊዜ ከቀድሞዎቹ ባለቤቶች አንዳንዶቹ መኪናቸው አዲስ እንድትመስል ብለው ያን ዘንግ ቈርጠው ጣሉት። ዛሬ ግን ጥንታዊ መኪና የሚወዱ ሰዎች አብልጠው የሚፈልጉት ያንኑ የተጣለውን ነው።

እንዲህ ያለችውን መኪና ወደ ቀድሞ መልኳ የሚመልስ ባለሙያ በቀለም አይጀምርም። አስቀድሞ ማግኔት ያስጠጋል። ማግኔቱ ላሜራውን ይይዛል፤ ስቱኮ ወፍሮ በተለጠፈበት ቦታ ግን ይወድቃል። ከውጭ ሲያዩት የሚያብረቀርቀው ጎን ከውስጡ ብረት እንደሌለው በዚህ ይታወቃል። በዝገት ላይ ስቱኮ የለጠፈ ሰው ቀዳዳውን ከዓይን ሰወረ እንጂ ዝገቱን አላዳነም፤ ውኃው ከሥር ገብቶ ቀን ከሌት ይበላል። ስለዚህ ባለሙያው ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፤ ስቱኮውን ያነሣል፤ የዛገውን ጤነኛ ብረት እስኪያገኝ ድረስ ይቈርጣል፤ በልኩ የተቀጠቀጠ ላሜራም ይበይድበታል። ፓራፋንጎው የማይሆን ከሆነ ቡሎኑን ፈትቶ የሚስማማውን ይመልሳል። ጤነኛውን ብረት ግን፥ አሮጌ ነው ብሎ አይጥለውም። ከእርሱ በፊት የያዟትን ሰዎችም ሲራገም አይውልም፤ እጁ ላይ የደረሰችውን ያቀናል።

ተወዳጆች ሆይ፤ እኛም ከአባቶቻችን ብዙ መልካም ነገር ወርሰናል። ሃይማኖትን፥ ጾምን፥ እንግዳ መቀበልን ወርሰናል። ከዚህ ጋራ ደግሞ እነርሱ ራሳቸው ያልሠሩት፥ በመካከል የተለጠፈ ነገር ደርሶናል፤ ይኸውም ቂም ነው። ጠቡ በአንድ ጥማድ መሬት ድንበር ይጀመራል፤ ደም ይፈስበታል፤ ያን ጊዜ ያልተወለደው ልጅ የአባቴ ደም ነው ብሎ መሣሪያ ያነሣል። ይህ ልጅ ጠቡን አልጀመረውም። ነገር ግን እጁ ላይ ደርሷልና፥ ለልጁ ማስተላለፉም ሆነ ማስቀረቱ የእርሱ ፈንታ ነው።

ከዚህም የሚከፋ አለ። ጎረቤቱን ሳይታረቅ ሠርክ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም፥ ነጠላውን አጽድቶ የሚያጣፋ፥ ተዝካር ደግሶ ጃንጥላ የሚያገባ ሰው አለ። መሳለሙም ስጦታውም መልካም ነው። ነገር ግን በቂም ላይ ሲደረብ በዝገት ላይ እንደ ተለጠፈ ስቱኮ ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ5ኛው ምዕራፍ መባውን ይዞ የመጣውን ሰው፥ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ሲል ማዘዙ ስለዚህ ነው። ቃሉ እንደ ማግኔቱ ነው፤ ጤነኛውንና የተለጠፈውን ይለያል።

ምናልባት፥ እኔ ከልክ በላይ ተበላሽቻለሁ፤ ከቀድሞው መልኬ ምን ቀረ? የሚል ይኖር ይሆናል። እንግዲህ ይህንም ከዚያችው መኪና ተማሩ። ቮልስዋገን ቀለሟ አሥር ጊዜ ቢለወጥ፥ መስኮቷ ቢቈረጥ፥ ፓራፋንጎዋ ቢወልቅ፥ ከኋላ መቀመጫዋ ሥር በሻንሲዋ ላይ የተመታ ቍጥር አላት። ባለሙያው መቀመጫውን አንሥቶ፥ አቧራውን ጠርጎ ያነበዋል፤ መቼ እንደ ተሠራችም በዚያ ያውቃል። አንተም ወንድሜ በ40 ቀንህ፥ አንቺም እኅቴ በ80 ቀንሽ ተጠምቃችሁ በቅዱስ ሜሮን ታትማችኋል። ያ ማኅተም ስለማይጠፋ ሁለተኛ አይደገምም። የወደቀ ሰው በንስሐ ይመለሳል እንጂ እንደገና አይጠመቅም። የብረቱን ቍጥር እንኳ ዝገት በልቶ ሊያጠፋው ይችላል፤ የመንፈስ ቅዱስን ማኅተም ግን የሚበላ ዝገት የለም።

ስለዚህ ምእመናን፤ ቀለም ለመደረብ አንቸኵል። የተቀየማችሁ ሁሉ ሽማግሌ ይዛችሁ ወደዚያ ሰው ደጅ ሂዱ፤ ወደ ንስሐ አባታችሁም ቅረቡ። መፋቁ ያማል፤ ነገር ግን የሚፋቀው የተለጠፈው ነው። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ በዚህ ስም በተጠራች ከተማና በአካባቢዋ የሚኖር ሰው ልጁን የደም መንገድ አያውርሰው።

በአርአያው የፈጠረን አምላክ የተሸፈነውን መልካችንን ይግለጥልን፤ ለአገራችን ሰላሙን፥ ለሕዝባችን ፍቅሩን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።