ካማምቤር፤ የኖርማንዲ አይብና የአቀራረቡ ሥርዓት



እኛ አይብ የምንለው ቅቤው ከወጣለት አሬራ ተገኝቶ በትኩስነቱ የሚበላውን ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ሳምንታት ቈይቶ ስለሚበስለው፥ ካማምቤር ስለ ተባለው የፈረንሳይ ለስላሳ አይብ ነው።

ካማምቤር በኖርማንዲ ግዛት የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1791 ዓ.ም.፥ በአብዮቱ ዘመን፥ ማሪ አሬል የተባለች ሴት ከአሳዳጆቹ የተሸሸገ ቄስ አስጠግታ፥ እርሱም የብሪን አገር የአይብ አሠራር አስተማራት ይባላል። ይሁን እንጂ የመንደሪቱ አይብ በ1708 በታተመ መዝገበ ቃላት ተጠቅሶ ስለሚገኝ፥ ሙያው ከእርሷ በፊት እንደ ነበረ ግልጽ ነው። በ1890 ገደማ ከስስ እንጨት የተሠራ ክብ ሣጥን ስለ ተገኘለት ሳይፈርስ ሩቅ መንገድ ለመጓዝ ቻለ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም ለፈረንሳይ ወታደሮች ስንቅ ሆነ።

በ1983 «ካማምቤር ደ ኖርማንዲ» የሚለው ስም በሕግ ተጠበቀ። በዚህ ስም ለመጠራት ወተቱ ያልሞቀ ጥሬ መሆን አለበት፤ የረጋውም ወተት ቢያንስ አምስት ጊዜ በጭልፋ እየተጨለፈ በቅርጹ ውስጥ ይደረደራል፤ ክብደቱ 250 ግራም ሆኖ ከሦስት ሳምንት ያላነሰ ይቈያል። ታላላቅ ፋብሪካዎች ወተቱን አሙቀው በዚሁ ስም ለመሸጥ በ2007 ጠየቁ፤ የጥንቱን አሠራር የያዙት ግን «ስሙ ቀርቶ ሙያው ከጠፋ ምን ይረባል?» በሚል ሐሳብ ተቃወሙ። በ2018 የማስታረቂያ ስምምነት ተደርጎ ነበር፤ በ2020 ግን ሳይጸድቅ ቀረ። ስለዚህ የጥሬው ወተት ደንብ ጸና።

አሁን ወደ ገበታው እንምጣ። በፈረንሳዮች ልማድ አይብ የሚቀርበው ከዋናው ምግብ በኋላ፥ ከጣፋጩ በፊት ነው። ቅዝቃዜ ጣዕሙን ስለሚያፍነው፥ ከማቀዝቀዣ የሚወጣው አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ነጩ ቅርፊት አብሮ ይበላል። ቈራጩ ቢላዋውን ከመካከሉ ወደ ጠርዙ ይሰዳል እንጂ የመካከሉን ጫፍ ብቻ አይወስድም። ምክንያቱም አይቡ የሚበስለው ከውጭ ወደ ውስጥ ስለ ሆነ፥ ጠርዙና መካከሉ አንድ ዓይነት ጣዕም የላቸውም፤ እያንዳንዱ እንግዳ ከሁለቱም ሊደርሰው ይገባል። ቁራሹም በጥቂት ዳቦ ይበላል፤ ሁለተኛ ጊዜ መድገም ግን በጨዋ ማዕድ አይለመድም።

እንግዲህ የዚህ ሥርዓት ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፤ የሠራው ሰው ድካሙ እንዳይናቅ፥ አብሮ የተቀመጠውም ድርሻው እንዳይጐድል ማሰብ ነው። እንዲህ ያለው ጨዋነት በየትኛውም አገር ማዕድ ያስከብራል።