ቆሻሻ የሚችል ቀለም

 

ረመዳን ሲቃረብ ብዙዎቻችን ቤታችንን ቀለም እንቀባለን። መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ሱቅ ገብተን «ቆሻሻ የሚችለው የትኛው ነው?» ብለን ጠይቀን ቡናማ ወይም ግራጫ ይዘን እንመለሳለን። ቤቱ ንጹሕ ይመስላል፤ እድፉ ግን ከዓይናችን ተሸሸገ እንጂ አልጠፋም። ኢስላም ያዘዘን ጦሃራን ነው፤ ንጹሕ መምሰልን አይደለም። ነጃሳ በውሃ ይወገዳል እንጂ በቀለም አይሸፈንም።

የሐረርን ነባር ቤቶች ያየ ሰው ያስታውሳል፤ መቀመጫው ነደባ ቀይ፣ ግድግዳው ግን ነጭ ነው። ነጭ ወይም ክሬም ቀለም ብርሃን ስለሚመልስ መስኮቱ ጠባብ የሆነውን ክፍል ያፈካዋል። እድፍ ሲያርፍበትም ወዲያው ያሳብቃል። ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ማሳበቁ ነው። ለማድ ቤትና ልጆች ለሚዳስሱት የግድግዳ ክፍል ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ የሚወለወል የዘይት ቀለም ይሻላል።

ከመቀባት በፊት ጥቀርሻው በሳሙና ይታጠብ። ሻጋታ ካለ የሚያፈሰው ጣሪያ ይደፈን፤ ግድግዳው ተፍቆ ይድረቅ። አለበለዚያ ሻጋታው በአዲሱ ቀለም ላይ ተመልሶ ይወጣል።

ለቀለም ብላችሁ ዕዳ አትግቡ፤ አቅም ላነሰው ኖራ ይበቃል። ጽዳቱንም በእናቶችና በሴት ልጆች ጫንቃ ላይ ብቻ አንጣለው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቤት ውስጥ ሥራ ቤተሰባቸውን ያግዙ ነበር።

ልባችንም እንደ ግድግዳው ነው፤ ጉድፋችንን ከሚሸፍንልን ይልቅ የሚያሳየንን እንምረጥ። አላህ ቤታችንንም ልባችንንም ያጽዳልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።