የምክር ክፍልና የአካባቢያችን ሠዓሊያን ሥራ
(ለማኅበሩ አባላት ከተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፣ ጭንቀት ያደረበት ሰው ለምክር የሚመጣበት ክፍል እንዴት ቢሠራ ይሻላል የሚል ነው። «የምክር ቤት» ብዬ ብጠራው ደንበኛ ስሙ ይሆን ነበር፤ ዳሩ ግን ሕግ አውጪው ስሙን አስቀድሞ ስለ ወሰደው «የምክር ክፍል» እያልሁ እቀጥላለሁ። እኔ መሐንዲስ እንጂ የሥነ ልቡና ሊቅ አይደለሁም። ስለዚህም የምናገረው ስለ ግድግዳ፣ ስለ በርና ስለ ብርሃን ነው፤ ይልቁንም በዚያ ግድግዳ ላይ የአካባቢያችን ሠዓሊያን ሥራ ቢሰቀል ምን እንደሚጠቅምና እንዴት መሰቀል እንደሚገባው ነው።

ለምሳሌ ሩቅ አንሂድ፤ መሸንቲን እንውሰድ። ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለች ከተማ ማን የማንን ደጅ እንደ ረገጠ ሳይመሽ ይታወቃል። ክሊኒክ የገባውን «ወባ ይዞት ይሆናል» ይሉታል፤ ወፍጮ ቤት የገባው እህል ሊያስፈጭ ነው። «የሥነ ልቡና ምክር» የሚል ሰሌዳ ከተሰቀለበት በር የገባ ሰው ግን ምን ሊባል ነው? አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስለ ነበረ፣ ስሙ ራሱ በሰፈር ጠብ መሰዳደቢያ እስከ መሆን ደርሷል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የተካሄደው የሰሜኑ ጦርነትና ከዚያም በኋላ በክልላችን የተከተለው ግጭት፣ ልጁን ያጣውን፣ ቤቱ የፈረሰበትንና እንቅልፍ የከዳውን ሰው አብዝቶብናል። ምክር የሚያሻው ሰው እንዲህ በዝቶ ሳለ በሩን የሚያንኳኳው ጥቂት ከሆነ፣ ጉዳዩ የአማካሪው ብቻ ሳይሆን የበሩም ነው። በር ደግሞ የእኛ ሙያ ነው።

የሠዓሊያኑ ሥራ እዚህ ላይ የሚሰጠው አገልግሎት ከማስዋብ ያልፋል። ወደ መንገድ የሚመለከተው የፊት ክፍል የአካባቢው ሰው ሥዕል የሚታይበት አዳራሽ ቢሆን፣ ወደዚያ ለመግባት ሰበብ ይገኛል። ተማሪው የመምህሩን ሥዕል ለማየት ይገባል፤ ገበያተኛዋ ዝናቡ እስኪያባራ ትጠለላለች፤ የተጨነቀውም ሰው ከእነርሱ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። «የት ዋልህ?» ቢሉት «ሥዕል ሳይ ነበር» ይላል፤ ውሸትም አይሆንበትም። ይህ ሰበብ ተራ ነገር አይምሰላችሁ። ከደጃፉ እስከ አማካሪው ወንበር ያለችው ጥቂት እርምጃ ለብዙ ሰው ከመሸንቲ ባሕር ዳር በእግር ከመሄድ ትረዝማለች።

ነገር ግን ወዲያው አንድ እንቅፋት ይገጥመናል። ሥዕል ተመልካች የሚመላለስበት ቤት ለምሥጢር አይመችም። መፍትሔውን ከውጭ አገር መጽሐፍ ከመፈለጋችን በፊት እዚሁ ጣና ላይ ያለውን እንመልከት። በዘጌ የምትገኘው የኡራ ኪዳነ ምሕረትም ሆነች፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት በደቅ ደሴት ያሠሯት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ክብ ናቸው፤ ከውጭ ወደ ውስጥም ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብለው በሦስት ይከፈላሉ። ያ ሁሉ የሚደነቅ ሥዕል የሚገኘው በመቅደሱ የውጭ ግድግዳና በበሮቹ ላይ ነው። ይኸውም ምእመኑ ሊደርስበት በሚችለው ቦታና ጥቂቶች ብቻ በሚገቡበት ቦታ መካከል ያለውን ድንበር የያዘው ሥዕል ነው ማለት ነው። ችግሩን ለንስሐ አባቱ ሊያዋይ የመጣ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት አያጣም። ቢሮን ከመቅደስ ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ የማወሳው የአሠራሩን ብልሃት ነው።

በዚሁ ብልሃት የምክር ክፍላችንን በሦስት ልንከፍለው እንችላለን። የፊተኛው ለማንም ክፍት የሆነ የሥዕል አዳራሽ ነው። መካከለኛው መጠበቂያ ነው፤ ወንበሮቹ እርስ በርሳቸው እንዳይፋጠጡ ወደ ሥዕሉ ይዙሩ። ሦስተኛው አማካሪውና ተመካሪው ብቻ የሚገቡበት ነው፤ ከዚያም ወደ ጓሮ የሚያስወጣ ሌላ በር ይኑረው። ያለቀሰን ሰው በመጣበት አዳራሽ፣ በሰው ፊት አሳልፎ መሸኘት ጭካኔ ነው። አብዝቼ የማሳስበው ግን ስለ ድምፅ ነው። ብዙ ጊዜ እንደሚደረገው ክፍልፋዩ በችቡድ ተሠርቶ ኮርኒሱ ሥር ቢቆም፣ የውስጡ ንግግር በኮርኒሱ ላይ ተሻግሮ መጠበቂያው ድረስ ይሰማል። ግድግዳው በብሎኬት ተሠርቶ፣ ኮርኒሱን አልፎ እስከ ጣሪያው ቆርቆሮ ይድረስ፤ በሁለቱም ገጽ ይለሰን፤ በመዝጊያው ሥር ያለውም ክፍተት ይደፈን። ይህ ካልተሟላ የሥዕሉ ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

ሥዕልን ከሕንፃ ጋር አብሮ ማሰብ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ አፈወርቅ ተክሌ የሠሩት 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስተዋት ራሱ ግድግዳ ሆኖ የቆመ እንጂ ኋላ በሚስማር የተንጠለጠለ አይደለም። ፊንላንዳዊው አርክቴክት አልቫር አልቶም በ1933 እ.ኤ.አ. በተከፈተው በፓይሚዮ የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል፣ ተኝቶ የሚውል በሽተኛ የሚያየው ኮርኒሱን መሆኑን አስበው ጠቆር ባለ አረንጓዴ ቀለም አስቀብተውታል። የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን የመላእክት ፊት የሞላበትን ጣሪያ ቀና ብሎ ያየ ሰው በዚህ ብዙ አይደነቅም። ሮጀር ኡልሪክ የተባሉት ተመራማሪ ደግሞ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 በሽተኞች መዝገብ መርምረው፣ በመስኮታቸው ዛፍ ይታያቸው የነበሩት የጡብ ግድግዳ ይታያቸው ከነበሩት ይልቅ ቶሎ ከሆስፒታል እንደ ወጡና ብርቱ የሕመም ማስታገሻም በጥቂቱ እንደ ወሰዱ አሳይተዋል። ይህ ስለ መስኮት እንጂ ስለ ሥዕል አይናገርም፤ ከዚህ አልፌ ሥዕል በሽታ ይፈውሳል ልል አልደፍርም።

የትኛው ሥዕል ይሰቀል? የዐድዋን ጦርነት ሥዕል በኩራት የማያይ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ቢሆንም ትናንት የተኩስ ድምፅ ሰምቶ ላደረ ሰው በዚህ ክፍል ጦርና ጎራዴ ማሳየት ደግ አይደለም። ቅዱሳት ሥዕላትም ክርስቲያኑን ቢያጽናኑ፣ ሙስሊሙን ወንድማችንን «ይህ ቤት የእኔ አይደለም» ሊያሰኙት ይችላሉ፤ ደግሞም ክብርና መጋረጃ ይሻሉ እንጂ ለቢሮ ጌጥ አልተሣሉም። የጣና ታንኳና የደንገሉ ነዶ፣ የዘጌ የቡና ጫካ፣ የገበያ ቀን፣ የእናቶቻችን የስፌት ሥራ ለሁሉም የጋራ ነው። ሳቅ የበዛበትንም ሥዕል አልወድም፤ ሐዘንተኛን ያስከፋዋል። የፊት አዳራሹ ሥዕል በየጥቂት ወሩ ይለዋወጥ። በውስጠኛው ክፍል ያለው ግን ባይነካ ይሻላል፤ ለሁለተኛ ጊዜ የሚመጣ ሰው የሚያውቀውን ማግኘት አለበት።

አሰቃቀሉን በተመለከተ፣ አዲስ የተለሰነ ግድግዳ በደንብ ሳይደርቅ ሥዕል አይቀበልም። በጣና ዳር ክረምት የሸራው ጀርባ ከግድግዳው ጋር ከተጣበቀ ይሻግታል፤ በአራቱ ማዕዘን የቡሽ ቁራጭ አድርጎ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ማራቅ ይበቃል። ብራና እርጥበቱ ሲለዋወጥ ስለሚሸበሸብ ከመስተዋቱ ጋር መነካካት የለበትም። ቆሞ ለሚያይ ሰው የሥዕሉ መሐል ከወለሉ 1.50 ሜትር፣ በመጠበቂያው ተቀምጦ ለሚያይ ደግሞ 1.20 ሜትር ገደማ ቢሆን ይስማማል። የሙዚየም ሰዎች ለዘይት ቀለም ሥዕል ከ200 ሉክስ፣ ለብራናና ለውሃ ቀለም ከ50 ሉክስ የማይበልጥ ብርሃን ይመክራሉ፤ ስለዚህ የከሰዓት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ትይዩ ምንም አይሰቀል። ብሎኬት ላይም ፊሸር ሳይገባ በባዶ ሚስማር መስቀል ሥዕሉን ሰው ራስ ላይ መጣል ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የግድግዳውን ቀለም በካሬ ሜትር እየለካን እንከፍላለን፤ ሥዕሉን ግን «ስምህ ይታወቅልሃል» ብለን በነፃ እንለምናለን። በ2012 ዓ.ም. ከገባው የኮሮና ወረርሽኝ፣ ከዚያም ከጦርነቱ ወዲህ በባሕር ዳርና በዘጌ ለጎብኚ ብራና እየሣሉ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ገበያቸው ቀዝቅዟል። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ካቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቆ ወደ አገሩ የሚመለሰውም ወጣት ሥራውን የሚያሳይበት ግድግዳ ይፈልጋል። ስለሆነም «ሥዕል» የሚል አንድ ረድፍ ከልስኑና ከቀለሙ ጎን በሥራና በዋጋ ዝርዝራችን ውስጥ እንዲገባ ሐሳብ አቀርባለሁ። ባለቤቱ ለመግዛት አቅም ባይኖረው በኪራይ ይውሰድ፤ ልኩና ፎቶግራፉ ያለበት ደረሰኝ ለሠዓሊው ይሰጠው፤ ቢበላሽ ማን እንደሚጠየቅ ይጻፍ። ዋጋው በፊት አዳራሹ ብቻ ይለጠፍ፤ ከመጠበቂያው ጀምሮ ወደ ውስጥ ዋጋም ፎቶግራፍ ማንሣትም አይኑር።

የፊት አዳራሹም ቁልፍ ከአማካሪው ሌላ ለአንድ ሠራተኛ ይሰጥ። አማካሪው በማይኖርበት ዕለት፣ በተለይም በገበያ ቀን፣ በሩ እንደ ወትሮው ይከፈት፤ አማካሪው ሲገባ ብቻ የሚከፈት በር ከሆነ ሥዕል ሊያይ የገባውንና ለምክር የመጣውን ከተማው ለይቶ ያውቀዋልና።